ጀርባው የማይታየው የደረት ጌጥ

ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ ማግስት አጉሊ መነጽር ገዛና የድሮ የደረት ጌጥ ገማች ሆነ። ሰፈርተኛው "ፕሮፌሰሩ" ይለው ጀመር። እሱ እንደ ማዕረግ ወሰደው፤ ሚስቱ ግን ከስድቡ ምኑን እንደወደደው አልገባትም።

ሥራው ሳሎን ውስጥ ነው። የጎረቤት ሴቶች በመሀረብ ጠቅልለው ያመጡለትን የቢራቢሮና የአበባ ቅርጽ ጌጥ ይዞ ወደ መስኮቱ ይጠጋል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ከዚያ "የጥንት ነው" ይላል። የጥንት ያልሆነ ጌጥ እጁ ገብቶ አያውቅም። ሴቶቹም መርቀውት ይሄዳሉ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ በስንት ሴት ኮት ላይ ጌጥ እንደሰካች እሷም አታውቀው። ጌጥ የሚታወቀው በጀርባው ነው። የድሮዎቹ መርፌያቸው ረዘም ይላል፣ መያዣውም ተራ ቆልማማ ሽቦ ነው። ፈርጡን የያዘው ጥፍር ይሁን ሙጫ፣ ያም የሚታየው ሲገለበጥ ነው። ባሏ ግን አንድም ቀን ገልብጦ አያይም። ፊቱ ካብለጨለጨለት በቃው።

አንድ እሑድ የባሏ እህት የሟች እናታቸውን ጌጥ ይዛ መጣች። ወንድ ልጇን ልትድር ነው፤ ጌጡን ለሙሽሪት ልትሰካላት አስባለች። "የእናቴ ወርቅ" እያለች ስትኮፈስበት የኖረች፣ ለወንድሟ ሚስት ለአንድ ቀን እንኳ አላውስም ያለች ሴት ናት። ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ ፕሮፌሰሩ ፈርጡ አልማዝ፣ ክፈፉ ጥሩ ወርቅ፣ ዕድሜውም ከቅድመ አያታቸው ዘመን መሆኑን በየነ።

ሚስቱ ግን እውነቱን ታውቃለች። አማቷ ያንን ጌጥ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጎን፣ ማበጠሪያና የጫማ ክር ከሚሸጥ ሰው ሲገዙ አብራቸው ነበረች። "ደረቴን አደመቀልኝ፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?" ብለው እየሳቁ ነበር የገዙት። ከዚያ ቤተሰብ ራሳቸውን የማያታልሉ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

"እስቲ ገልብጠው" አለችው ባሏን።

"ለምን ሲባል?"

"ሙጫውን እንድታየው። ጠርዙም ላይ ቅቡ ተልጦ ቆርቆሮው አግጥጧል። እማማ ሲገዙት ነበርኩ፤ አርቴፊሻል ነው።"

የባሏ እህት ጌጡን ከወንድሟ እጅ መነጨቀችው። "ቅናትሽን ድሮም አውቀዋለሁ" አለቻት። ባሏ ደግሞ ልብስ መስፋትና ቅርስ መገመት ለየቅል መሆናቸውን፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጎ ቀስ ብሎ አስረዳት። ዘመዶቹ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጀርባውን ልይ ብሎ እጁን የዘረጋ አንድም ሰው አልነበረም።

ይሁን እንጂ ነገሩ የባሏን እህት ሳይከነክናት አልቀረም፤ ሙሽሪትን አስከትላ አንጥረኛ ዘንድ ሄደች። አንጥረኛው ሚዛን ላይ እንኳ አላወጣው፤ ለልጅ መጫወቻ እንደሚሆን ነግሮ መለሰላቸው። ይህን ለልብስ ሰፊዋ የነገረቻት ቀሚሷን ልትለካ የመጣችው ሙሽሪት ናት። ፕሮፌሰሩ ደግሞ አንጥረኛው በርካሽ ሊገዛው ፈልጎ ያጣጣለው ነው ብሎ እህቱን አረጋጋት። አመነችው። ማመን ሲቀልላት ለምን አታምነው?

የሰርጉ ዕለት ጌጡን እንድትሰካ የታዘዘችው ልብስ ሰፊዋ ናት። የባሏ እህት ከጎኗ ቆማ፣ ቅርሱ እንዳይጫጫርባት ደጋግማ አስጠነቀቀቻት። እሷም ሳይዛነፍ ሰካችው፤ ቀሚሱ የእጇ ሥራ ነውና ቆርቆሮ ሲሰካበት አሳዘናት።

ከሰርጉ በኋላ የፕሮፌሰሩ ስም ከሰፈሩ አልፎ ሄደ። በሩ ከጧት ጀምሮ ይንኳኳል። ሚስቱ የስፌት መኪናዋን ከሳሎን ወደ ጓዳ አዛወረች። ደንበኞቿ ጓዳው ጨለማ ነው ቢሏትም፣ እዚያ ቢያንስ "የጥንት ነው" የሚለው ድምፅ አይሰማም።