ዳታ የማይፈልጉት ደንበኛ

ኮፐንሃገን አውሮፕላን ማረፊያ፣ የቱሪስት ሲም የምሸጥበት መስኮት ጋ፣ በየማክሰኞው አንድ የከተማችን ሽማግሌ ይመጣሉ። ካፖርታቸው እስከ አንገት ተቆልፏል፤ መንገደኛ ለመምሰል የሚጎትቷት ሻንጣ ባዶ መሆኗ ያስታውቃል። ሌላው ሁሉ ስንት ጊጋ ዳታ እንዳለው ይጠይቀኛል። እሳቸው «ዳታው ይቅርብኝ፤ ቁጥሩ ብቻ አዲስ ይሁን» ይላሉ።

አንዴ ምክንያቱን ጠየቅኳቸው።

«ልጄ የደወልኩበትን ቁጥር ሁሉ ብሎክ ታደርገዋለች። የማታውቀው ሲሆን ግን ታነሳለች።»

እዚህ እኛ አገር ስልክ ያነሳ ሰው መጀመሪያ ስሙን ከነቤተሰቡ ስም ይናገራል። እሳቸው ያን ሰምተው ይዘጋሉ።

ዛሬም ሲም ገዝተው፣ ከመስኮቴ ፊት ያለውን ዓምድ ተደግፈው ደወሉ። ከዚያ ሲሙን አውጥተው መስኮቴ ላይ አስቀመጡት።

«አላነሳችም?»

«አንስታለች» አሉ። «የጠራችው የቤተሰብ ስም ግን የኔ አይደለም። አግብታለች መሰለኝ።»