ሲጥ የሚለው ብስክሌት

ጋሽ አስናቀ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ ፊልም ላይ ያዩትን ብስክሌት ከቁርጥራጭ ብረት አስመስሎ መሥራት አመል ሆነባቸው። ያሁኑ ግን አስቸገራቸው። በወጣትነታቸው ሲኒማ ቤት ያዩት ነው፤ ሰውዬው ሚስቱን ከኋላ አፈናጦ ሲነዳ ብስክሌቱ ሲጥ ሲጥ ይላል። ቀለሙም፣ ደወሉም፣ የጎበጠው የጭቃ መከላከያም ልክ መጣ። ድምፁ ግን ወይ ፍንክች!

«ሰው ሳይክሉ እንዳይጮህበት ዘይት ያጠጣል፤ እርስዎ እንዲጮህ ይለፋሉ?» አለቻቸው ጎረቤታቸው ወለላ እየሳቀች።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ያላደረግሁት የለም።»

«ከኋላ ባዶ ነዋ! ሰው ያፈናጡበት።»

ማንን? ቤታቸው ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ሰው የለ፤ እሷ እንደሆነች ባጃጅ አስቁማ ሄደች።

ጋሽ አስናቀ ከመራዊ ያስመጡትን የበቆሎ ጆንያ ከኋላ ጫኑና ወደ ጣና ዳር ነዱ። ሲጥ አለ! ሲጥ፣ ሲጥ፤ ቁርጥ የፊልሙን! የሚሆኑትን አጡ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ፣ ልክ እንደ ፊልሙ ሰውዬ፣ ዞር ብለው «ጠበቅ አድርገሽ ያዢኝ» አሉ።

ሲመለሱ አልነዱትም። በአንድ እጃቸው መሪውን፣ በሌላው ጆንያውን እንደ ሰው ደገፍ አድርገው፣ እስከ ቤታቸው ገፉት።