የረቡዕ ጉርሻ

ልጄ «ፒዛ ልጋብዝህ» ስትለኝ ነገሩ ፒዛ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። ሰው አባቱን ፒዛ የሚጋብዘው ወይ የሚነግረው ነገር ሲኖረው ነው፣ ወይ አባቱ ጥርስ እንደሌለው ሲዘነጋ ነው። እሷ ደግሞ ጥርሴን አትዘነጋም። የላይኞቹን አብራኝ ሄዳ ያስገጠመችልኝ እሷ ናት።

«ማን አለ?» አልኳት።

«የት?»

«ፒዛው አጠገብ።»

ሳቀች፤ ከዚያ መሬት መሬት ማየት ጀመረች። እኔን ቁጭ ብድግ የምታደርግ ሴት መሬት ካየች ነገሩ የዋዛ አይደለም። ቀስ እያለች ነገረችኝ። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ልጅ አለ፤ የደሴ ልጅ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ወጥቶ ነበር፣ መንገዱ ሲከፈት ተመለሰ። ሽማግሌ ሊልክ ይፈልጋል። እሷ ግን «መጀመሪያ አባቴ ይይህ፤ እሱ ካልወደደህ ማንንም አትላክ» ብላዋለች።

«ታዲያ ሰው ፒዛ ቤት ውስጥ ነው የሚታየው?»

«ቤት ይምጣ እንዳልል፣ ሽማግሌ ሳይልክ ደጃችንን አይረግጥም ትላለህ።»

እውነቷን ነው፣ እላለሁ። ሳትጠይቀኝም እላለሁ።

ልጁን ገና ሳላየው ጠልቼው ነበር። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሁለት ነን፤ እኔና እሷ። «የደሴ ልጅ» ስትለኝ የሰማሁት ደሴን ብቻ ነው። አውቶቡስ ታየኝ፣ ሻንጣ ታየኝ፣ እኔም ብቻዬን ከቴሌቪዥኑ ጋር ስጨቃጨቅ ታየኝ። «እንዳትወስዳት እፈራለሁ» ማለት ለአንድ ሽማግሌ ያሳፍራል። ነውር አግኝቼበት «አይሆንም» ማለት ግን ያስከብራል። ስለዚህ ነውር ላገኝበት ቆርጬ ኮቴን ለበስኩ።

ፒዛ ቤቱ ዓዲ ሓቂ የሚባለው ሰፈር ነው፣ ተማሪዎች ከሚከራዩባቸው ቤቶች መሀል። ባለቤቱ ናፖሊ ሲሠራ ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው ይላሉ፤ ጡብ በጡብ የገነባው በእንጨት የሚነድ ፎርኖ ከበሩ ላይ ሙቀቱ ይቀበልሃል። ወንበሩ ፕላስቲክ፣ ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጭር። ልጁ ቆሞ ጠበቀን። ረጅም ነው፤ ጎንበስ ሲል ግን እኔው ዘንድ ደረሰ።

«ከመይ ውዒልኩም፣ ኣቦይ» አለኝ በትግርኛ፣ እንዴት ዋሉ፣ አባቴ ለማለት። ግንባሩ ላቡን አወጣ።

«ግድ የለህም፣ በአማርኛው ቀጥል» አልኩት። «አማርኛን አስተማሪዬ በአለንጋ ነው ያስገባልኝ፤ እስካሁን አልወጣም።»

ሳቀ። ነውር ፈልጌ አየሁት፤ ሳቁ ደህና ነበር። አለፍኩት።

ቀኑ ረቡዕ፣ ሰዓቱም ዘጠኝ አልፎ ነበር። ሁለቱ የጾም አዘዙ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ያለበትን። እኔ ባለ ፎርማጆውን፣ የፈረንጅ አይብ ያለበትን፣ አዘዝኩ። ለምወስደው መድኃኒት ሲሉ የነፍስ አባቴ ከጾም አሳርፈውኛል። እሳቸው ያሉት «ትንሽ ወተት ቢጤ ቅመስ» ነበር፤ እኔ ወተት ቢጤውን ጎትቼ ጎትቼ ፎርማጆ ድረስ አድርሼዋለሁ።

ፒዛው መጣ። ዳር ዳሩ እንደ ትራስ ተነፍቷል፣ መሀሉ ስስ ነው፣ ላዩ ላይ በሶብላ የመሰለ ቅጠል ተኝቷል። ጠርዙ ግን ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ።

«አረረብን!» አልኩ።

«አላረረም፣ ኣቦይ። የናፖሊ እንዲህ ነው» አለች ልጄ።

«እኔም እጄ ላይ እንዲህ ያለ ነጠብጣብ አለ። ናፖሊ ነው ያለኝ ሐኪም ግን የለም።»

የባሰው ደግሞ አለ። ለሦስታችን ሦስት ፒዛ፣ በሦስት ሰሃን፣ በሦስት ቢላዋ። እንደ ተኳረፈ ሰው እያንዳንዱ ወደ ራሱ ሰሃን ሊያቀረቅር ነው።

«ተጣልተናል እንዴ?» አልኩና ሰሃኔን ወደ መሀል ገፋሁት። ነገሩ ፈተና ነበር። ቢላዋውን ይዞ ቁጭ ቢል ነውሬን አገኘሁ ማለት ነው። ልጁ ወዲያው ቢላዋውን አስቀምጦ የራሱን ሰሃን ከእኔው ጋር አገጣጠመ። ተነሥቶ እጁን ታጥቦም ተመለሰ። ይኼም ፈተና እንዲህ አለፈኝ።

በእጃችን መብላት ጀመርን። ሊጡ ልስልስ ያለ ነው፣ ከተገዛ ጥርስ ጋር እንኳ አይጣላም። ደስ ሊለኝ ሲጀምር የመጣሁበት ትዝ አለኝ።

«ለምን ተመለስክ?» አልኩት ድንገት። ልጄ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። እሱ ግን የጎረሰውን ዋጠ።

«ተማሪዎቼ ትምህርታቸው ከመሀል ቀርቶ ነበር።» ጣቱን በሶፍት ጠረገ። «ደግሞ ስልክ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ፣ አባባ፣ እሷ ትኑር አትኑር የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና መጣሁ። አግብታ ብትሆን እንኳ አይቻት እመለሳለሁ ብዬ ነበር።»

ልጄ ቀና አላለችም። እኔም ቀና አላልኩም፤ ሁለታችንም የምንፈራው አንድ ነገር ነው፣ እንባችን ቶሎ ያጋልጠናል። ያን ጊዜ እጄ እኔን ሳያማክር ተነሣ። ከፊቴ ካለው ፒዛ ሰፋ አድርጎ ቀደደ፣ ጠቀለለ፣ ዘይቱን አራገፈ፣ ጠረጴዛውን ተሻግሮ ልጁ አፍ ድረስ ሄደ።

«በሞቴ!» አልኩት። «በሞቴ፣ እምቢ እንዳትለኝ!»

ልጁ አፉን አልከፈተም። ልጄ «ኣቦይ…» አለች። ዓይኗን ተከትዬ ወደ እጄ አየሁ። ከጉርሻው ጫፍ ፎርማጆው እንደ ክር ተጎትቶ ተንጠልጥሏል።

ረቡዕ!

እጄን ልመልስ አልኩ፤ የተዘረጋ ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? «በሞቴ» ያልኩትንስ የት ላድርገው? በእኔ ዕድሜ ይህ ቃል ለቀልድ የሚወጣ አይደለም፤ ሰሚ አለው። ቢጎርስ እኔን ፈርቶ ጾሙን የሻረ ሰው ሊሆን ነው። ባይጎርስ የሙሽራዋን አባት ሞት ረግጦ ያለፈ ሰው ሊሆን ነው። ነውር ፍለጋ ወጥቼ ነበር፤ ይኸው በሁለቱም በኩል በገዛ እጄ ደግሼለት ቁጭ አልኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የሚገርመው ጭንቅ ያዘኝ።

ልጁ ከወንበሩ ተነሣ። ሁለት እጁን እንደ ጠበል ተቀባይ አገጣጥሞ ዘረጋና ጉርሻውን ከጣቶቼ ተቀበለ።

«ሞትዎን ለጠላትዎ ያድርገው፣ አባባ። ጉርሻዎን ተቀብያለሁ። ዛሬ ረቡዕ ስለሆነ ግን ነገ ነው የምበላት።»

በሶፍት ጠቀለላትና ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተታት። ሸሚዙ ነጭ ነበር። ዘይቱ ወዲያው ኪሱ ላይ ብቅ አለ፤ እሱ ግን አላየውም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ።

«ዋእ!» አልኩ። «ጉርሻ ያድራል እንዴ?»

«በእኛ ቤት አድሮ አያውቅም። የአባት ጉርሻ መመለስ ግን ከዚያም የባሰ ነው።»

ከጎናችን የነበሩት ተማሪዎች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ የተገጠሙት ጥርሶቼ እስኪላቀቁ ሳቅሁ።

«ሰው ራሱን አያጎርስም» አልኩት። «ጉርሻ የሚባለው ከሰው እጅ ሲመጣ ነው። ነገ ጠዋት ይዘሃት ና።»

«የት ልምጣ?»

«የት ይመስልሃል? ቤት ነዋ!»

ልጄ አፏን ይዛ አየችኝ። «ሽማግሌ ሳይልክ?»

«አንቺ ደግሞ! እኔ ምን የሆንኩ ይመስልሻል፣ ጎረምሳ?»

በማግስቱ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ልጁ ሌላ ሸሚዝ ለብሷል፣ ሶፍቷን ግን በእጁ ይዟል። ስፈታት ጉርሻዬ ጉርሻ አልነበረችም። ሊጡ ጫማ መስሏል፣ ፎርማጆው እንደ ጧፍ ደርቋል፣ ሶፍቱም ተጣብቆባታል። ልጄ «ላሙቃት» አለች፤ «ተያት፣ እንዳለች ነው» አልኳት። ወረቀቱን ልጬ አጎረስኩት። በሞቴ አላልኩም፤ ከትናንቱ ተምሬያለሁ።

አፉ ሙሉ ሳለ የፈራሁትን ጠየቅሁት። አፉ ባዶ ቢሆን ኖሮ ድፍረቱም አይኖረኝም ነበር።

«ትወስድብኛለህ?»

አኘከ። አሁንም አኘከ። ያንን ጫማ እስኪውጥ ድረስ እኔ የጋቢዬን ጥለት ስቆጥር ቆየሁ፤ ልጄ የሻይ ብርጭቆ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ሥራዬ እዚህ እስካለ እዚሁ ነን» አለ በመጨረሻ። «ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም፣ አባባ። አልዋሽዎትም።»

እኔ የፈለግሁት ውሸት ነበር። አንዲት ትንሽ፣ ለሽማግሌ የምትነገር ውሸት። «የትም አንሄድም» ቢለኝ አምኜው እተኛ ነበር። ግን እኮ ትናንት በዚያ ሁሉ ጭንቅ ፈጣሪውን ያላታለለ፣ እኔንም ያላዋረደ ልጅ ነው፤ ዛሬ ለእኔ እንቅልፍ ብሎ ይዋሽ እንዴ? የሚዋሽ ቢሆንስ ልጄን እሰጠው ነበር?

«በል፣ እሁድ ሽማግሎችህን ላክ» አልኩት።

ልጄ ሻዩን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ስታለቅስ እንዳላያት ነው፤ እኔም አላየሁም። ልጁ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዤ አስነሣሁት።

«ወጉ ነውና መጀመሪያ እምቢ እላቸዋለሁ» አልኩት። «አንተ ግን እንዳትደነግጥ።»