ከግራ ዓይኗ ሥር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአት ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ዝም ብያለሁ። ስለማታውቁኝ ነው መሰል ለእናንተ መናገር የቀለለኝ።

መሐል ሜዳ ከተማ ፎቶ ቤት አለኝ። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ የሠርግና የሐዘን ባጅ እሠራለሁ። ከአምስት ዓመት በፊት እማማ ዘነበች የሟች ልጃቸውን መታወቂያ ይዘው መጡ። ስመኝ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ሕመም በሳምንት ውስጥ ነጠቃት። ከመታወቂያዋ በቀር ፎቶ የላትም። ለአርባዋ ቀን ዘመድ ደረቱ ላይ የሚያደርገው ሠላሳ ባጅ አዘዙኝ።

ክብ ሰማያዊው ማህተም ግራ ጉንጯ ላይ አርፏል። መታወቂያውን ስካን አድርጌ በኮምፒውተር አጎላሁት። ከቀለሙ ሥር፣ ከዓይኗ ዝቅ ብሎ፣ ቀጭን መስመር ታየኝ። የማህተሙ ጭረት ይሆን? ወይስ የፊቷ? መጠየቅ ነበረብኝ፤ እኔ ግን አልጠየቅሁም። ቀለሙን መልቀም ሰለቸኝና ድሮ ካነሳኋቸው ፎቶዎች የሌላ ልጅ ጉንጭ ቆርጬ ለጠፍኩበት። የዚያችን ልጅ ስሟን እንኳ አላውቅም። የቆዳቸው መልክ ገጠመ፤ በእጄ ሥራ ኮራሁ። ፊቷን ከክቡ መሀል አድርጌ፣ ወደ ኋላ ለሚታጠፈው ጠርዝ ትርፍ ትቼ አተምኩ፤ ቆርጬም አንድ በአንድ በእጅ በሚጫነው የባጅ መሥሪያ ማሽን ገጠምኩ።

እማማ ዘነበች ሊወስዱ መጡ። ባጁን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ሳሙት፣ ደግመው አዩት።

«ልጄ፣ ከዓይኗ ሥር ጠባሳ ነበራት እኮ። ሕፃን ሆና ከካብ ላይ ወድቃ፣ እኔው ነኝ ደሙን ያጠብኩላት። የት ሄደ?»

መስመሯ ምን እንደነበረች ያኔ ገባኝ። ሠላሳውም ባጅ ተገጥሞ አልቋል፤ አርባው በማግስቱ ነው። ያስዋሸኝ ግን እሱ አይደለም፤ ኀፍረት ነው።

«ፎቶው ላይ የለም፣ እማማ» አልኳቸው።

ምነው በተቆጡኝ! የተቆጡት ራሳቸውን ነው። «አርባ ቀን ሳይሞላት የልጄ መልክ ጠፋኝ? እኔ እናት ነኝ?» ብለው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። የዋሸሁት እኔ፣ ልጃቸውን የሰረዝኩት እኔ፣ እቅፍ አድርጌ አጽናናኋቸው። እንዲህ ያለ ማጽናናት ምን ይባላል?

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ እያደር ጨለመ። በገበያ ቀን በደጄ ሲያልፉ ይመርቁኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ።

ዘንድሮ ደግሞ ለመቃብሯ ሐውልት ትልቅ ፎቶ ፈለጉ። ይዘው የመጡት መታወቂያውን ሳይሆን ባጁን ነው። «ያኔ እንዳሳመርሻት አድርጊልኝ። ስለ ጠባሳው አስቸግሬሽ ነበር፣ ይቅር በይኝ» አሉኝ።

እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ! መናገር እችል ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «እሺ እማማ» ብቻ ነው። ያንኑ ፋይል ፈልጌ አሳደግሁት፣ አተምኩት።

አሁን ከመቃብሩ ላይ ያለው ፊት ግማሹ የስመኝ አይደለም። እናቷ በየእሑዱ ሄደው የሌላ ሰው ልጅ ጉንጭ ይስማሉ፤ በገዛ እጃቸው ደሙን ያጠቡትን ጠባሳ ግን ሐሰት ነው ብለው ትተውታል። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልላችሁም። እንዳይከፋቸው ብዬ ነውም አልላችሁም። ይቅርታችሁንም አልለምንም፤ ይቅርታው የእሳቸው ነው፣ እሳቸው ደግሞ የተበደሉ መሆናቸውን አያውቁም።