ጫካ የጠረገችው ዘኪያ

እዚህ ሱዳን፣ ሳጃና በምንለው ሰፈራችን ውስጥ፣ ዘኪያን ተቀምጣ ያየ ሰው የለም ብል ማንም አይከራከረኝም። ሰው ቤት ስትገባ «ተቀመጪ» ይሏታል፤ እሺ ትላለች፤ ገና ምንጣፉ ላይ ሳታርፍ ዓይኗ ያልታጠበ ብርጭቆ ያገኛል። ለቅሶ ቤት ሄዳ ሳህን ታጥባለች። ሰርግ ተጠርታ ወንበር ትደረድራለች። እኔ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ከነበረው የብየዳ ሥራዬ ከወጣሁ ወዲህ ደጄ ላይ ወንበር አውጥቼ እውላለሁ። ሐሙስ ከአሠሪዎቿ ቤት ስትመጣ መጀመሪያ ሰላም የምትለው እኔን ነው። ሰላም እያለችኝ በነጠላዋ ጫፍ የወንበሬን ክንድ ትወለውላለች።

ከወሎ ከመጣች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አሥራ አራቱንም ዓመት የሠራችው ጀሪፍ በሚባል ሰፈር፣ አንዲት ሐጃ ቤት ነው። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ክፉ አልናገርባቸውም። የብርዱ ወራት ሲመጣ ቤተሰቡ ዓርብ ዓርብ ወንዝ ዳር ወዳለ ጫካ ይወጣል። ዘኪያም አብራ ትወጣለች። ምንጣፍ ታነጥፋለች፣ ዓሣ ትጠብሳለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉንም ጠቅልላ መኪና ላይ ትጭናለች።

በ2013 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ሐጃ የዘመድ ሰርግ አለብኝ ብለው ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ መደኒ ከተማ ሄዱ። ቤቱ ተቆለፈ። ዘኪያ ሁለት ሌሊት ሙሉ ነጻ ሆነች። እንዲህ ያለ ዕረፍት አግኝታ አታውቅም ነበር። መጥታ ከፊቴ ቆመች።

«ጋሼ ሰብስቤ፣ ጫካ መሄድ እፈልጋለሁ» አለችኝ።

«ምን ልትሠሪ?»

«ምንም። እሱን ነው የምልዎት። አሥራ አራት ዓመት ጫካ ውስጥ ቆሜያለሁ። አሁን መቀመጥ ነው ያማረኝ። ሁለቱንም ሌሊት እዚያው አድሬ፣ ቀኑንም ተቀምጬ መዋል። ማንም ‹ያ ዘኪያ!› ብሎ ሳይጠራኝ።»

ነገሩን ስሰማ አልሳቅሁም። ሰው ከዚህ የበለጠ ሲመኝ አይቻለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ሲመኝ ግን እምብዛም አላየሁም። ደግሞም ጃፋርን አውቀዋለሁ። ጃፋር ከከተማው በስተደቡብ፣ በነጩ ዓባይ ዳር ያለ የመንግሥት ጫካ ጠባቂ ነው፤ የጎጆውን የብረት በር የበየድሁለት እኔ ነኝ። ጎረቤታችን ጸሐይወርቅም፣ ገበያ ውስጥ ልብስ የምትሸጠው፣ እኔም እሄዳለሁ አለች። ጸሐይወርቅ ያለችበት ቦታ ዝም ብሎ መቀመጥ አይቻልም፤ ግን እሷን ትቶ መሄድም አይቻልም።

አምጃድ የምንላትን ትንሿን መኪና ተከራየን። ምንጣፍ፣ ሦስት ብርድ ልብስ፣ የትንኝ አጎበር፣ ሸራ፣ ገመድ፣ አካፋ፣ ሁለት ጀሪካን ውኃ ጫንን። ዘኪያ በመጨረሻ ከዘንባባ የተሠራ መጥረጊያ ይዛ ወጣች።

«ይኼ ደግሞ ለምንድነው?» አለች ጸሐይወርቅ። «ዛፍ ሥር አቧራ አለ ብለሽ ነው?»

«ለማንኛውም» አለች ዘኪያ፣ እንደ ሕፃን አቅፋው ገባች።

ጫካው የሱንጥ ግራር ጫካ ነው። በክረምት ወንዙ ሞልቶ ይገባበታል፤ በበጋ ውኃው ይሸሽና መሬቱ በቅጠልና በፍሬ ይሸፈናል። የሱንጥ ፍሬ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተያይዞ የሚንጠለጠል ነው፤ ሲደርቅ ይወድቅና በእግር ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። በር የለ፣ ቧንቧ የለ፣ መብራት የለ፣ መጸዳጃ የለ። ያለው አንድ ሰሌዳ ብቻ ነው። እኔ ፊደል የለየሁት ሃምሳ ካለፈኝ በኋላ ነው፤ የዐረቡንም ያኔ ተማርሁ። ስለዚህ ሰሌዳ ሳላነብ አላልፍም። «ዛፍ አትቁረጡ። ከጉድጓድ ውጭ እሳት አታንድዱ። ቦታውን እንዳገኛችሁት ተዉት» ይላል። ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው።

ጃፋር በአህያው ላይ ሆኖ መጣ። ሰላምታችን ረጅም ነበር፤ በሱዳን ሰላምታ የሚያሳጥር ሰው አይወደድም። ከዚያ ፊቱን ኮስተር አደረገ።

«ያ ዐም ሰብስቤ» አለኝ፣ አጎቴ ማለቱ ነው፤ «ባለፈው ሳምንት የመጡ ሰዎች ሦስት ቅርንጫፍ ገንጥለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ማንንም አላሳድርም ብዬ ነበር። ለአንተ ስል ዛሬን እደሩ። ነገ ጠዋት መጥቼ አያለሁ። ቦታው እንዳገኛችሁት ከሆነ ሁለተኛውንም ሌሊት እደሩ። ካልሆነ፣ ያላ፣ ወደ ቤታችሁ።»

«አብሽር ወንድሜ!» አለችው ዘኪያ በዐረብኛ። «እንዳገኘነው ብቻ? ከዚያም አሳምረን ነው የምናቆይልህ!»

ጃፋር አህያውን አዙሮ ነበርና በደንብ የሰማት አልመሰለኝም። ቢሰማት ኖሮ ያኔውኑ ይወርድ ነበር።

ሸራውን በሁለት ዛፎች መካከል በገመድ ብቻ፣ ያለ ምስማር ወጠርሁ። ለእሳት አንድ ጉድጓድ፣ ራቅ ብዬ ከቁጥቋጦ ጀርባ ደግሞ ለሌላው ጉዳይ ሌላ ጉድጓድ ቆፈርሁ።

«ጋሼ፣ በሩ የቱ ጋ ነው?» አለች ጸሐይወርቅ ሁለተኛውን ጉድጓድ አይታ።

«በሩ ሳልሽ ነው» አልኋት። «እየሳልሽ ትሄጃለሽ፣ ሰው ካለ እሱም ይስላል።»

ያን ምሽት ፉል በላን። ዘኪያ ተቀመጠች ማለት አልችልም። ዘጠኝ ጊዜ ስትነሣ ቆጥሬያለሁ። ድስቱን ልትከድን ተነሣች፤ የተከደነውን ልታይ ተነሣች፤ የምንጣፉን ጫፍ ልታቃና ተነሣች። «ነገ» ትላለች ጸሐይወርቅ ስትቆጣት፣ «ነገ ቀኑን ሙሉ እቀመጣለሁ፣ ወላሂ።»

ጠዋት የቀሰቀሰኝ ድምፅ የወፍ አልነበረም። ሸር፣ ሸር፣ ሸር ይላል። አጎበሩን ገልጬ ወጣሁ። ፀሐይ ወጥታለች። መሬቱን አየሁትና ሌላ ቦታ የነቃሁ መሰለኝ። ከሸራችን አንሥቶ እስከ ወንዙ ዳር አንድ ቅጠል የለም። ጥቁሩ አፈር የመጥረጊያው መስመር ተሰምሮበት እንደ ተበጠረ ጠጉር ያበራል። ቅጠሉ፣ ጭራሮው፣ ፍሬው ሁሉ አንድ ቦታ ተከምሮ ወገቤ ደርሷል። ዘኪያ በአንድ እጇ መጥረጊያውን፣ በሌላው ክብሪት ይዛ ቆማለች።

«አንቺ ሴትዮ!» ጸሐይወርቅ ከብርድ ልብሷ ሳትወጣ ጮኸች። «ወንዙንስ መቼ ነው የምትወለውዪው?»

«ለሶላት የምቆምበትን ብቻ ልጥረግ ብዬ ነበር» አለች ዘኪያ፣ እራሷም ገርሟት። «የምቆምበት ሲጸዳ አጠገቡ ቆሸሸብኝ። አጠገቡን ስጠርግ ደግሞ ያኛው… አሁን ላቃጥለውና እቀመጣለሁ።»

«ክብሪቱን ወዲህ በይ» አልሁና ተቀበልኋት። ያን ጊዜ የጃፋር አህያ ኮቴ ተሰማ።

ጃፋር ወረደ። ክምሩን ዞረው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንድ የሱንጥ ፍሬ አነሣና በመዳፉ ላይ ፈለፈለው።

«ይኼን ማን ሰበሰበው?» አለ።

ዘኪያ መጥረጊያዋን ወደ ኋላዋ ደበቀች። መጥረጊያው ግን ከእሷ ይረዝም ነበር።

«ያ ኡኽቲ» አላት፣ እህቴ ማለቱ ነው፤ «ሰው ዛፍ ሲቆርጥብኝ አውቃለሁ። ሰው እሳት ሲለቅብኝ አውቃለሁ። ጫካ የሚጠርግ ሰው ግን በሃያ ዓመት ሥራዬ አላጋጠመኝም! ወንዙ ሲሞላ ውኃ የሚጠጣው፣ ሲሸሽም የሚበቅለው ይኼ ፍሬ ነው። የነገውን ጫካ ነው የከመርሽው። ኸላስ፣ ዕቃችሁን ጫኑ።»

የዘኪያ ፊት ሲለወጥ አየሁ። አንድ ሌሊት አድራለች፤ እሱንም ዘጠኝ ጊዜ እየተነሣች። የምትቀመጥበት ቀን ገና አሁን መጀመሩ ነበር። እኔ አፌን ልከፍት ስል እሷ ቀደመችኝ።

«እመልሰዋለሁ» አለች። «እኔ ነኝ ያነሣሁት፤ እኔው እመልሰዋለሁ። ካልተመለሰ እራሴ ጠቅልዬ እሄዳለሁ። እዚሁ ቆመህ እየኝ።»

ጃፋር አህያውን አሰረና ዛፍ ተደግፎ ቆመ። እሷ በዘንቢል እየዛቀች መበተን ጀመረች። ብተና ካሉት ነው። ቅጠሉን በመዳፏ ትደለድላለች፣ ፍሬውን በእኩል በእኩል ታስቀምጣለች፣ ወደ ኋላ ትመለስና አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታያለች፣ የጎደለበት ትሞላለች። ጃፋር ብዙ ታገሠ። በመጨረሻ ሳቁ አሸነፈው፤ ዛፉን ይዞ ሳቀ።

«ይኼ የሳሎን ምንጣፍ ነው፣ ጫካ አይደለም! ነፋስ እንዲህ በመስመር ያደርጋል? ወርውሪው!»

«እንዴት ልወርውረው?»

«እንዲህ ነዋ!» ጸሐይወርቅ ብርድ ልብሷን እንደ ካባ ደርባ መጣችና ክምሩን በእግሯ መታችው። ቅጠሉ ተነሣ። ዘኪያ ጥርሷን ነክሳ ዓይኗን ጨፈነች፤ የተወለወለ ወለል ላይ ጭቃ እግር የተራመደባት ይመስል ነበር። ጸሐይወርቅ ደገመችው። እኔም፣ ዕድሜዬን ሳልረሳ፣ በአካፋ አንድ ሁለቴ ወደ ላይ በተንሁ። ዘኪያ አንድ ዓይኗን ገለጠች። አንድ እፍኝ ዘገነች፤ ወረወረች። ግማሹ ተመልሶ ራሷ ላይ ወረደ። ሳቀች። ከዚያ በኋላ ማን ይያዛት! በሁለት እጇ እየዛቀች፣ «ይኼ ለሳሎኑ! ይኼ ለደረጃው! ይኼ ለግቢው!» እያለች ወደ አራቱም አቅጣጫ በተነችው። አህያውም ሳይቀር ቅጠል ለበሰ።

ሲያልቅ ጃፋር አካባቢውን ዞሮ አየ።

«አሁን ጫካ መሰለ» አለ። «እደሩ። ግን በአንድ ነገር።» እጁን ዘረጋ። «መጥረጊያው ከእኔ ጋር ይቆያል።»

ዘኪያ መጥረጊያውን አየችው፣ ጃፋርን አየችው፣ ሰጠችው። አህያው ላይ እንደ ጦር አጋድሞት ሄደ። እስኪሰወር ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። እጆቿ ምን እንደሚይዙ ጠፍቷቸው ቀሚሷ ላይ ተንከራተቱ። ከዚያ ወደ አንድ ትልቅ ሱንጥ ሄደች፣ ጀርባዋን አስደገፈች፣ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ጠጉሯ ላይ አንድ ቅጠል ነበር፤ አላነሣችውም። ሌላ ቅጠል ቀሚሷ ላይ ወደቀ። እጇ ወደ እሱ ተንቀሳቀሰ፣ መንገድ ላይ ቆመ፣ ተመለሰ።

ፀሐዩ ከፍ አለ። እኔ ጉድጓዱ ውስጥ እሳት አንድጄ ሻይ አፈላሁ። ወንዙ ላይ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ አለፈ። እሷ እንደተቀመጠች ናት። ጸሐይወርቅ ጠቀሰችኝና ድምፅዋን አወፍራ ልክ እንደ ሐጃ ተጣራች።

«ያ ዘኪያ! ሻይ!»

የዘኪያ ጉልበት ሲታጠፍ አየሁት። ጉልበቷ ግን ቀስ ብሎ ተመልሶ ተዘረጋ።

«ማንቆርቆሪያው ያው እዚያ ነው» አለች፣ ጀርባዋን ከዛፉ ሳታነሣ። «እግር የለሽም? ለእኔም ቅጂልኝ፤ ስኳሩን አትቆጥቢ።»

ጸሐይወርቅ እየሳቀች ተነሣችና ለሦስታችንም ቀዳች።