ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው

የፍልስፍና አስተማሪ ነው። ተማሪዎቹ «ጋሽ ሚዛን» ይሉታል፤ ሲያሾፉበትም ሲያከብሩትም ስሙ ያው ነው። ውሸት ከአፉ አይወጣም። ጎረቤቱ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ «እንዴት ነኝ?» ብትለው «ከኋላ ይጠብሻል» ብሏት አርፏል። እንዲህ ያለ ጎረቤት አይስጣችሁ!

ለዚህ ያበቃው አንድ የፈረንጅ ፈላስፋ ነው። ነፍሰ ገዳይ በርህን አንኳኩቶ የሸሸግከውን ወዳጅህን ቢጠይቅህ እንኳ አትዋሽ ይላል ሰውዬው፤ ሁሉም በቸገረው ቁጥር ከዋሸ የማንም ቃል አይታመንምና። በየመሥሪያ ቤቱና በየስልኩ ውሸት በረከሰበት በዛሬ ዘመን ይህ ሰው ካላስፈለገን ማን ያስፈልገናል ባይ ነው ጋሽ ሚዛን። ሲያስተምርም የክፍሉን በር ይዘጋል፣ አንዱን ተማሪ ውጭ አቁሞ አንኳኳ ይለዋል፣ ራሱ ይከፍታል። «የተደበቀው ሰው አለ?» ሲባል መልሱ ሁልጊዜ «አለ፤ ግን አላስገባህም» ነው። ክፍሉ ይንጫጫል። የሂሳብ አስተማሪው ደግሞ፣ ፈላስፋህ ሚስት ብትኖረው ኖሮ በሳምንቱ ሐሳቡን ይቀይር ነበር እያለ ይቀልድበታል።

አንድ እሁድ ከሰዓት ታናሽ እህቱ አንድ ዓይኗ አብጦ መጣች። ባሏ ነው የመታት። የመጀመሪያው አይደለም፤ የአሁኑ ግን እገልሻለሁ ብሎ ምሏል። ጋሽ ሚዛን ወጥ ቤት አስገብቶ መጋረጃውን ጋረደላት። የጣደላት ሻይ ሳይፈላ በሩ ተንኳኳ።

ባልየው ነበር። አልጮኸም። ድሮ የጋሽ ሚዛን ተማሪ ስለነበር ያን ትምህርት አሳምሮ ያውቀዋል።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይዋሹም። የለችም ይበሉኝና እሄዳለሁ።»

አንዲት ቃል ናት እኮ! ጋሽ ሚዛን የበሩን እጀታ እንደያዘ ቀረ። አለች እንዳይል እህቱ ናት፤ የለችም እንዳይል ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው ነገር አነቀው። አላስገባህም ቢልም አለች ማለት ነው። ዝም አለ። የማይዋሽ ሰው ዝም ሲል ደግሞ መልሱ ይታወቃል፤ ባልየው ፈገግ አለ።

መጋረጃው ተገለጠ። እህቱ ሻርፗን እያስተካከለች ወጣች።

«ተወው ወንድም ጋሼ፣ አትጨነቅ። እኔው መጣሁ።»

ባሏን ተከትላ ሄደች። ለእሱ አዝና ነው የወጣችው። አንጀቱን የሚበላው ይሄ ነው። ፈላስፋው የበር ከፋቹ ኅሊና እንዳይቆሽሽ ብዙ ተጨንቋል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ስለቆመችው ግን ምን አለ? ጋሽ ሚዛንስ ስንት ዓመት ሲያስተምር አንድ ቀን ስለ እሷ ጠይቆ ያውቃል?

ማታ ስልኳ አልነሳ ሲለው ቤታቸው ሄዶ አንኳኳ። የእህቱ ጫማ ደጃፉ ላይ ነበር። ባልየው በሩን ገርበብ አድርጎ «የለችም» አለውና መልሶ ዘጋው። ለፖሊስ ቢያመለክትም እናያለን ብለው ሸኙት።

በማግስቱ ያ ትምህርት ተራው ደረሰ። ውጭ የቆመው ተማሪ አንኳኳ። ጋሽ ሚዛን ከፈተ።

«የተደበቀው ሰው አለ?»

«የለም» አለ ጋሽ ሚዛን። «እዚህ ማንም የለም። ሂድ።»

ተማሪዎቹ የረቱት መስሏቸው አጨበጨቡ። እሱ ግን በሩን ዘግቶ፣ እጀታውን እንደያዘ ጀርባውን ሰጥቷቸው አለቀሰ።