የማልሱን ጨውና የደበቋት ገበቴ

ማልሱን በህዌንግሶንግ ወረዳ ገበያ የበሬ ሥጋ ጥብስ ቤት ከከፈተች ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቷታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ከሥጋው ጋር ለደንበኛ የምታቀርበው ማባያ ጨው ብቻ ነበር። ድልህ የጠየቀ ሰው መልሱ ያው ነው፤ «ሥጋው ምን በደለህና ነው ፊቱን ጭቃ የምትቀባው?» አንዴ ከዋና ከተማ የመጣ ሰውዬ ከኪሱ የድልህ ብልቃጥ መዝዞ ጠብ ሊያደርግ ሲል እጁን በማማሰያ መታችው። ሰውዬው በሳምንቱ ሚስቱን ይዞ ተመለሰ። ሥጋዋ እንዲያ ነበር።

ከመንገዱ ማዶ አብሯት የተማረው ቦንግሱ በጋን ያቦካውን የአኩሪ አተር ድልህ ይሸጣል።

«የጨው እመቤት! ዛሬስ ስንቱን አስጠማሽ?» ይላታል ጠዋት ጠዋት።

«አንተ ጭቃ ሻጭ፣ ዝም ብለህ ጭቃህን አማስል!»

በዚያ መከር፣ በከብት በዓል ላይ፣ ወረዳው ሕዝቡ የበሬ ሥጋን በምን መብላት እንደሚወድ ማወቅ ፈለገ። ወንዝ ዳር ድንኳን ተተከለ። ሦስት ገበቴ ቀረበ፤ የማልሱን ጨው በሰሊጥ ዘይት፣ የቦንግሱ ድልህ፣ በአኩሪ አተር ውሃና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቀጭን ሽንኩርት። የቀመሰ ሁሉ ከወደደው ገበቴ አጠገብ ባለው ማሰሮ አንዲት ባቄላ ይጥላል።

ማልሱን ሽንኩርቱን ማን እንዳመጣው እንኳ አልጠየቀችም። ሐሳቧ ሁሉ ቦንግሱ ላይ ነበር። ሰው ዞር ሲልላት በባቄላ የሞላ እጅጌዋን የጨው ማሰሮ ላይ አራገፈች። ቀና ስትል ቦንግሱ ባርኔጣ ሙሉ ባቄላ በድልሁ ማሰሮ ላይ ገልብጦ ቆሟል።

«አየሁሽ» አላት።

«እኔም አየሁህ።»

«ዝም ካልሽ ዝም እላለሁ።»

የወረዳው ጸሐፊ ድምፅ ማጉያውን ስታነሳ ግራ ተጋብታለች። «የቀመሰው ሰው ሦስት መቶ አርባ ነው። ባቄላው ግን... ዘጠኝ መቶ አለፈ።»

ይሄኔ ከማልሱን እጅጌ ሁለት ፍሬ ጠብ ጠብ አለ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

«እንግዲህ ባቄላው ይቅር!» አለች ጸሐፊዋ። «ሁላችሁም የወደዳችሁት ገበቴ ኋላ ተሰለፉ!»

ከጨው ኋላ ማልሱንና ሦስት ሽማግሌዎች ቆሙ። ከድልሁ ኋላ ትንሽ ሻል ይላል። የሽንኩርቱ ሰልፍ ግን ከድንኳኑ ወጥቶ ድልድዩ ጋ ደረሰ። ማልሱን ሰልፉን በዓይኗ ተከተለችው፤ አንድ በአንድ የራሷ ደንበኞች ናቸው!

«መምህር ኦህ! አንተም? ሃያ ዓመት ቤቴ በልተህ?»

«እትዬ፣ የለመድኩት እኮ እርስዎ ቤት ነው።»

«እኔ ቤት?!»

ምራቷ ሱኪ ከሽንኩርቱ ገበቴ አጠገብ ቲማቲም መስላ ቆማለች። «እማዬ፣ አይቆጡኝ። አራት ዓመት ሆነው። እርስዎ ከሰል ሊያራግቡ ሲወጡ ሽንኩርቱን ለደንበኞቹ አቀርብላቸዋለሁ፤ እርስዎ ሲመለሱ ጠረጴዛ ሥር ይደብቁታል።»

የማልሱን ጆሮ ጋለ። ልትጮህ አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እኔ ደግሞ የአገሩ ሰው ሁሉ ጠረጴዛ ሥር የሚያጎነብሰው እጁ ዝሎ መብያ እንጨቱ እየወደቀበት መስሎኝ! አራት ዓመት ሙሉ ሳዝንላችሁ!» ብላ ሳቋ ገነፈለ። መሬት ላይ ዘጭ አለች። ቦንግሱ ሊያነሳት ጎንበስ ሲል እሱም በሳቅ ጎኗ ወደቀ።

ሱኪ አንድ ጉርሻ ሥጋ በሽንኩርት ጠቅልላ ወደ አፏ አቀረበችላት። ማልሱን አኘከች። ሁለተኛውን ራሷ አነሳች፤ ሦስተኛውንም።

«እህሳ?» አለ ቦንግሱ።

«ዝም በል፤ ልብላበት!»

ከማግስቱ ጀምሮ ሽንኩርቱ ጠረጴዛ ላይ በይፋ ወጣ፤ ጨውም ቦታውን አልለቀቀም። በበዓሉ ዕለት ግን ጸሐፊዋ ለባቄላው ቅጣት ሁለቱም ሳህኑን ሁሉ እንዲያጥቡ ፈረደችባቸው። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ወንዝ ዳር ተቀምጠው ውሃ እየተረጫጩ አጠቡ። መሃል ላይ ቦንግሱ ዘፈን ጀመረ። ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ ጋን ነበር፤ ማልሱን ግን አዝማቹን ተቀበለችው።